የሙሉ ቋንጣ

ማዕዛ ገብረጻድቃን የእድሩን ድግስ ስትሠራ ብዙ ዘመኗ ነው፤ አንድም ዓመት ግን ደስ ብሏት ሠርታው አታውቅም። እጇ ይሠራል፣ ጥርሷ ይስቃል፣ ውስጧ እርር ድብን ይላል። ለምን እንደሆነ ካዛንቺስ ያለ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ማወቁን ያውቃል፣ ደንታ ግን የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩን እድር ያቋቋመው ወዳጆ የሚባል ሰው ነው። ወዳጆ በጣልያን ጊዜ ለአርበኞች በድብቅ ቋንጣ ይልክ ነበር፣ የተረፈውን ደግሞ ለተራበ ጎረቤት ያድል ነበር ይባላል። ሥጋውን ዘልዝላ ያደረቀችው ሚስቱ ሙሉ ናት ተብሎ፣ እስከ ዛሬ ድረስ «የሙሉ ቋንጣ» ነው የሚባለው። ሚያዝያ ሃያ ሰባት በመጣ ቁጥር እድርተኛው ድንኳን ይጥላል፣ የሙሉን ቋንጣ በፍርፍር ይበላል፣ እየበላም የወዳጆን ታሪክ ከልጅ ልጁ ከነጋሳ አፍ ይሰማል። ነጋሳ የእድሩ ሊቀመንበር ነው። አፍ አለው፤ ሰው ማሳቅ ያውቅበታል። የሚያስቅበት ሰው ደግሞ የማዕዛ አባት ነው።

አባቷ ገብረጻድቃን ከአስመራ ከጣልያን ጦር ጋር በቅሎ እየጎተተ የመጣ ሰው ነበር። ጣልያኖቹ ለሹሞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች አጠገብ ትልቅ የበቅሎ ጋጣ ነበራቸው። የሰፈሩ ስም ራሱ የእነዚያ ቤቶች ስም ነው፤ ጣልያንኛውን ሰዉ አፉ እንዳመቸው ጎምዶ ጎምዶ ካዛንቺስ አለው። ገብረጻድቃን የጋጣው ጠባቂ ሳለ በቅሎዎቹ አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። ሌባው አንተ ነህ ተባለና፣ ሰው በተሰበሰበበት ጀርባው እስኪላጥ በአለንጋ ተገረፈ። ከዚያች ቀን ወዲያ ስሙ «በቅሎ ሌባ» ሆኖ ቀረ። ጣልያን ሄደ፣ ንጉሡ ተመለሱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም በተራው ሄደ፤ ያ ስም ግን የትም አልሄደም። ማዕዛ ትምህርት ቤት ስትገባ «የበቅሎ ሌባው ልጅ» ተብላ ገባች፣ ስትዳርም እንደዚያው ተብላ ተዳረች።

ባንዳም ይሉታል። ለጣልያን ማገልገሉን ማዕዛ አትክድም፤ ለዚያ የሚባለውን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ሌባ የሚለው ነው አንጀቷን የሚያሳርራት። የተሰረቀ ነገር ቤታቸው ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ በእሷና በወንድሞቿ ሆድ ላይ ያ ሁሉ ራብ ባልተጫወተ ነበር።

አባቷስ ምን ይል ነበር? ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚው ሲሳለቅበት የሚመልሰው አንዲት ቃል ነበረች። «የበላችሁት እናንተ ናችሁ» ይላል። ይሄው ነው። ሰው የበለጠ ይስቃል። በላ ማለት ሰረቀ ማለት ነውና፣ ሌባው የራሱን ጉድ በሰው ላይ ይለጥፋል ይሉ ነበር። እያደር ቃሉ ራሱ መቀለጃ ሆነ፤ አንድ ነገር የጠፋበት ሰው «የበላችሁት እናንተ ናችሁ» ብሎ የገብረጻድቃንን አነጋገር ያስመስላል። ማዕዛም ልጅ ሆና እንዲህ ሲል ስትሰማው ታፍር ነበር። ምናለ ዝም ቢል ትል ነበር በሆዷ።

ሌላም ጠባይ ነበረው። ሥጋ አይበላም፤ ፋሲካም ቢሆን አይበላም። ሰፈሩ በዚህም አልማረውም፤ ሌባ ሊመንን ነው ብሎ ቀለደበት። እናቷ ስትናገር፣ ድሮ ይበላ ነበር። ተገርፎ በተኛበት ሰሞን እንዲያውም ወዳጆ ራሱ በሰፌድ ቋንጣ ይዞለት መጥቶ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ እያጎረሰው፣ በዚያ ነው አቅም አግኝቶ የተነሣው። በኋላ ወዳጆ አጥር ትከልልኝ ብሎ ጠራው። ገብረጻድቃን የአጥሩን ጉድጓድ ሲቆፍር ውሎ ወደ ቤቱ ተመለሰና፣ ገና ደጅ ላይ እንዳለ አንጀቱ እስኪወጣ አስመለሰው። ከዚያ ወዲያ ሥጋ የሚባል ነገር በአፉ አልዞረም። እናቷ ወሬዋን የምትጨርሰው ሁልጊዜ ወዳጆን በማመስገን ነበር። ሰው ሁሉ ሲሸሸን ደጃችንን የረገጠ እሱ ብቻ ነው እያለች ታለቅስለት ነበር።

ገብረጻድቃን ሲሞት ጡሩምባ ተነፋ፣ ቀባሪ ግን አልመጣም። የመጡት ጎረቤታቸው የአዚዛ ቤተሰቦችና አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ማዕዛ ያን ቀን አልቅሳ ሲያበቃ አንድ ነገር ወሰነች። ከእድሩ አልወጣም፣ ከሰፈሩም አልሸሽም፣ እጄን እስኪልሱ አብስዬ አበላቸዋለሁ አለች። እንዳለችውም አደረገች፤ እንደ እሷ ቋንጣ የሚሠራ ጠፋና የድግሱ ወጥ ቤት ሆነች። ክብር ነው ብላ ነበር። አባቷ ሲሰደብ እየሰማች በትልቅ ጭልፋ የምትጨምርላቸው ግን እሷው ሆነች። ምን ዓይነት ክብር ነው እሱ?

ዘንድሮ ነገሩ ባሰ። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው፤ አብዛኛው ሰው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደርሶታል፣ ማዕዛም እዚያው። የመጨረሻው ድግስ ነውና ነጋሳ ቪዲዮ አንሺ ቀጠረ። ታሪኩ ተቀርጾ በሲዲ ለየቤቱ ይታደላል፣ ልጆቻችን አዲሱ ቤት ሆነው ያዩታል አለ። ማዕዛ ይህን ስትሰማ አብራት የምታድገውን የልጅ ልጇን አርያምን አሰበች። እስካሁን ስድቡ በዓመት አንዴ ድንኳን ውስጥ ተብሎ ድንኳኑ ሲነቀል አብሮ የሚነቀል ነበር። አሁን ሊታተም ነው። አርያም በወጣች በገባች ቁጥር «የበቅሎ ሌባው ዘር» ልትባል ነው፣ ያውም አዲስ ቤት ገብታ።

ስለዚህ ክብሯን ዋጥ አድርጋ ነጋሳ ቤት ሄደች። አባቴን ጀግና በለው አላልኩህም፣ ስሙን ብቻ ተወው፣ አንድ ጠባቂ በለውና እለፈው አለችው። ነጋሳ ቁጭ በይ ብሎ ለስላሳ ከፈተላት፤ አልተቆጣም። እሱ እኮ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር።

«እትዬ ማዕዛ፣ እንደ እናቴ ነው የማይዎት» አላት። «ግን እሳቸው ከወጡ ሰው በምን ይሳቅ? በቃ፣ ማለቴ፣ ታሪክ ነዋ። ታሪክ አይቆረጥም።»

ለስላሳውን ሳትነካው ተነሥታ ሄደች።

በድግሱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ እድሩ ግቢ ተሰብስበው ቋንጣ ይቆርጣሉ። የነጋሳ አክስት ደራርቱም ከልጃቸው ቤት ተጠርተው ለመጀመሪያ ጊዜ መጥተዋል። በሕይወት የቀሩት የወዳጆ ልጅ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ነገ በክብር ወንበር ተቀምጠው ሊቀረጹ ነው። አርጅተዋል፣ ምላሳቸው ግን አላረጀም። ከሴቶቹ አንዷ፣ እስቲ ስለ እናትዎ ስለ እማማ ሙሉ ያጫውቱን አለቻቸው።

ደራርቱ ሳቁ። ሙሉ ደግሞ ማናት? የእኔ እናት ጫልቱ ናት አሉ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እርጅና ነው ብለው ሊያልፉት ነበር። ደራርቱ ግን ማስታወሱን ወደዱት። «ሙሉ አይደለም፣ ሙሎ ነው» አሉ። አባታቸው ጣልያኖቹ ጋጣ ሣር እየሸጠ ከእነሱ የለመዳት ቃል ናት። ማታ ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሚስቱን «ሙሎው ደረቀ?» ይላታል። አንዴ አንዲት ጎረቤት ድንገት ከበር ደርሳ ሰማችና ምንድን ነው ብላ ጠየቀች፤ ሚስቴን እኮ ነው፣ ሳቆላምጣት ሙሉ ነው የምላት አላት። ልጆቹ ሊስቁ ሲሉ በቁንጥጫ ዝም አሰኛቸው። ቃሏ ምን ማለት እንደሆነች ደራርቱ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ነበር አባቴ አሉ። ቋንጣው ከራሳችን በላይ ጣሪያው ሥር ተሰቅሎ፣ እኛ ሆዳችን ከጀርባችን ተጣብቆ፣ ይሄ ለሰው ነው እያለ አንድ ቀን አላቀመሰንም። እናታችንም አትቀምስም፤ ያንን የነካንበትን እጃችንን በአመድ ፈትጋ ነበር የምታጥበን። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። የድሮ ሰው እኮ ለሰው ነው የኖረው ተባባሉ።

ማዕዛ ከንፈሯን አልመጠጠችም። በእጇ የያዘችው ቢላዋ ቆሟል። እናቷ አስመራ ያደገች ናት፤ ማዕዛ በልጅነቷ እልኸኛ ሆና አልታዘዝ ስትላት የምትሰድባት አንድ ስድብ ነበራት። «ኣቲ ሙሎ!» ትላት ነበር፤ አንቺ ሙሎ ማለቷ ነው። ሙሎ በጣልያንኛ በቅሎ ነው።

ተነሥታ ወደ ሽንት ቤቱ ስትሮጥ ሴቶቹ የሥጋው ሽታ የረበሻት መሰላቸው። ግድግዳውን ተደግፋ፣ የሆዷ አልቆ ሐሞት እስኪመጣ አስመለሳት። በቅሎ መሆኑ ብቻ አልነበረም። በቅሎ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚጸየፈው ነው፤ እሱስ ይሁን። ያንገፈገፋት ሰፌዱ ነው። አባቷ ጀርባው ተልጦ በደረቱ ተኝቷል፤ የሰረቀው ሰው በሰረቀው ሥጋ ሊያስታምመው መጣ። አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። በዚያ እጁ አጎረሰው። አይዞህ እያለ፣ ሲያኝክ እያየው። እናቷ ደግሞ ይህን ሰው ዕድሜዋን ሙሉ መረቀችው። እግዚኦ፣ ሰው እንዲህም ይሆናል?

ከአጥሩ ጉድጓድ የወጣውም የበቅሎ ሰኮና መሆኑ አሁን ገባት። ገብረጻድቃን በየማለዳው አንሥቶ የሚጠርገውን ሰኮና፣ ራሱ የመታበትን ብረት፣ አፈር ውስጥም ቢያገኘው አይስተውም። ምን ያድርግ? ለማን ይናገር? የተገረፈ ሌባ ነው፣ ማን ያምነዋል? ቢያምኑትስ፣ ሚስቱ በልታለች፣ ጎረቤቱ በልቷል፣ የጎረቤት ሕፃን ሳይቀር መረቁን ጠጥቷል። ይህን ለሰው እንዴት ይነግሩታል? ግን ደግሞ ጨርሶ ዝም ማለት አልቻለም። የበላችሁት እናንተ ናችሁ ይላቸው ነበር። ቅኔ አልነበረም፣ ስድብም አልነበረም። እንዳለ፣ በጥሬው ነበር የነገራቸው። እሷም አፍራበታለች።

በማግሥቱ ጠዋት ማዕዛ ድንኳኑ በር ላይ ነጋሳን አንድ ጊዜ ደግማ ለመነችው። የምታውቀውን አልነገረችውም። ስሙን ቢተወው አፏን ይዛ፣ ቋንጣውን አብልታ፣ ሁሉንም ይዛው መቃብር ልትወርድ ቆርጣለች። ከሌላው ሰው ሆድ ጋር ጠብ የላትም። ነጋሳ ግን ቪዲዮ አንሺውን መብራት ወዲህ አድርግ እያለ ነበር፤ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ እትዬ እሱን ተነጋግረናል አላትና አለፈ።

ድንኳኑ ሞላ። በሃምሳው ውስጥ ነውና ጾም የለም፤ ሰዉ የመጨረሻችን ነው ብሎ ወደ ቡልጋሪያ ሰፈርም ወደ ሰንጋ ተራም የሄደው ሁሉ ተመልሶ መጥቷል። እነአዚዛ እንደ ወትሮው ለብቻ በታረደ ሥጋ የራሳቸው ድስት ቀርቦላቸዋል። ፍርፍሩ ዞረ፣ ሰዉ መጉረስ ጀመረ፣ ነጋሳ ማይኩን ያዘ።

ታሪኩን አሳምሮ ነገረው። ወዳጆ ሌሊት ቋንጣ ተሸክሞ በወንዙ ሲወጣ፣ ሙሉ በር ላይ ቆማ ስትጸልይ። ከዚያ ገብረጻድቃን ጋ ደረሰ። እሱን አስመስሎ ወገቡን ይዞ እያነከሰ ሄደ፣ ድምፁን አጎርንኖ «የበላችሁት እናንተ ናችሁ!» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጉርሻው አንቆት ጀርባውን መቱት። ካሜራው ቀይ መብራቱን አብርቶ ዝም ብሎ ያያል። ማዕዛ አርያምን አየቻት፤ ልጅቷ መብላቱን ትታ ሳህኗን እያየች ነው።

ታሪኩ ሲያልቅ ልማዱ አለ፤ ሊቀመንበሩ ወጥ ቤቷን ያጎርሳል። ነጋሳ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ፣ አንድ ቁራጭ ቋንጣ ከላይ አድርጎ፣ በካሜራው በኩል ዞሮ ወደ አፏ አቀረበላት። በየዓመቱ አፏን ከፍታ ትቀበለው ነበር። አሁን ግን እጁን ያዘችና ማይኩን ከሌላው እጁ ወሰደችው። ሰዉ ልትመርቅ መስሎት አሜን ሊል ተዘጋጀ።

«እማማ ደራርቱ፣ የትናንቱን ይንገሩልኝ። አባትዎ ማታ ሲገቡ ምን ነበር የሚሉት?» አለች።

ደራርቱ ማይክ ቀርቦላቸው ደስ ብሏቸዋል። እናታቸው ጫልቱ እንደሆነች፣ ሙሉ የምትባል ሴት እንዳልነበረች፣ አባታቸው «ሙሎው ደረቀ?» ይል እንደነበር፣ ልጆቹንም አንድ ቀን እንዳላቀመሳቸው፣ ትናንት እንዳሉት አድርገው ተናገሩ። ነጋሳ ጉርሻውን እንደያዘ ፈገግ ብሎ ቆሟል፤ አልገባውም።

ማዕዛ ወደ ፊተኛው ወንበር ዞረች። እዚያ ጋሽ ሐጎስ ተቀምጠዋል፤ ከጣልያን መካኒክ ሥር ያደጉ፣ ኮፈኖና ካምቢዮ ከነስማቸው ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው እያሉ የሚኮሩ፣ ቡልጋሪያ ጋራዥ የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሽ ሐጎስ፣ ሙሎ በጣልያንኛ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«በቅሎ ነዋ» አሉ ወዲያው፣ ጉንጫቸው እንደተወጠረ። አንድ ሁለቴ አኘኩ። ከዚያ ማኘካቸው ቆመ።

ጋሽ ሐጎስ በአፋቸው የነበረውን መዳፋቸው ላይ ተፉት። ከኋላ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች፣ ሌላዋ ተከተለቻት፣ አንድ ሰው እዚያው ወንበሩ ሥር አስመለሰው። አንዱ እናቴ እኔን አርግዛ ሳለ ነው የበላችው እያለ ይቆጥራል። ሌላው ንስሐ አባቴን ጥሩልኝ፣ ቄደር ተጠምቄ ልንጻ ይላል። ውኃ፣ ውኃ የሚል ጩኸት በረከተ። ደራርቱ ምን አልኩ ብለው ግራ ቀኙን ያያሉ። የነጋሳ ጉርሻ እጁ ላይ ቀርቷል፤ የሚያስቀምጥበት አጥቷል።

ማዕዛ ጠበቀች። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ፣ ለካ ገብረጻድቃን ሌባ አልነበረም ይላል ብላ ጠበቀች። ሰዉ የሚያስበው ስለ ሆዱ ነበር። ስለ አያቱ ሆድ፣ ስለ እናቱ ሆድ፣ ስለ ራሱ ሆድ። የአባቷን ስም ያነሣ የለም። አዚዛ ብቻ ከማዕዛ አጠገብ መጥታ ቆመች።

ነጋሳ ነቃ። ወገኖቼ ተረጋጉ፣ የዛሬው እኮ የበሬ ነው እያለ በባዶ ድምፁ ጮኸ። ሰሚ ሲያጣ ወደ ቪዲዮ አንሺው ዞረ። «አንተ፣ አጥፋው። ይሄን ቁረጠው» አለው።

«ታሪክ አይቆረጥም ብለኸኝ የለ?» አለች ማዕዛ።

ማይኩ አሁንም እጇ ላይ ነውና ቃሏ በድምፅ ማጉያው ወጣ። አፋቸውን የሚጉመጠመጡት ሳይቀሩ ዞር አሉ።

«የዛሬው የበሬ ነው፤ እኔው ነኝ የዘለዘልኩት» አለቻቸው። «በቅሎውን የበሉት ሞተዋል። እናንተ የበላችሁት አባቴን ነው። በየዓመቱ እዚሁ ድንኳን ውስጥ እየሳቃችሁ ስትበሉት፣ አንድ ሰው እንኳ አላቅለሸለሸውም።»

ማይኩን ከቋንጣው ሳህን አጠገብ አስቀመጠች። ሽርጧን ፈታች፣ አርያምን በእጇ ያዘችና ወጣች።